አርባ ማን ነው?

ጥሩወርቅ በቀለ ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ከፎቶግራፍ በቀር አይታው አታውቅም። ያም ሆኖ በ1978 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ድሬ ዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ተቀምጣ፣ እሑድ እሑድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጽፍ ትውል ነበር።

ነገሩ የመጣው በማስታወቂያ ነው። ከድሬ ዳዋ የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ፕሮግራም መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ተፈትኖ ለሁለት ዓመት ምሥራቅ ጀርመን ይላካል ይላል። ፈተናው ሐሙስ ሐምሌ 10 ነው።

ጥሩወርቅ የሃያ ሰባት ዓመት የቴሌክስ ሠራተኛ ነበረች። ጭንቅላቷን አልተጠራጠረችም፤ የቸገራት የምትማርበት ነገር ነው። መጻሕፍት መደብሩ ከፖለቲካ ሌላ አልነበረውም። ቤተ መጻሕፍቱም ቢሆን ስለ ኮምፒውተር ያለው ያችው ያየቻት ፎቶግራፍ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ ጎረቤቷ ፋርሒያ፣ «ወንድሜ አብሺር ጅቡቲ ይመላለስ የለ? ለሱ ንገሪው» አለቻት።

አብሺር በባቡር ተመልሶ ሲመጣ ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንሳይኛ የፕሮግራም መጽሐፍ ይዞላት መጣ። ፈረንሳይኛውን ከፈረንሳዮች ጋር ባቡር ላይ የሠሩት አባቷ አስተምረዋታል። ገጽ በገጽ እየፈታች በአማርኛ ደብተር ላይ ገለበጠችው። «ሀ ከ ለ ቢበልጥ ወደ 40 ሂድ» ይላል አንዱ መስመር። ማሽኑ ስለሌላት አሮጌ አዝራሮች ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና ትእዛዙን ራሷ እየፈጸመች ከትንሽ ወደ ትልቅ ትለያቸዋለች።

ለፈተናው ስትመዘገብ ቅጹ ከምን እንደተማረች ጠየቃት። «ራሴ በአማርኛ ካዘጋጀሁት ደብተር» ብላ ሞላች።

በሳምንቱ ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው እሷንም መጽሐፉንም ደብተሩንም ወሰዱ።

መርማሪው ጓድ ወልደ ማርያም ይባላል። ባለመነጽር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ደብተሩን ገልጦ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«አርባ ማን ነው?»

«ሰው አይደለም ጓድ። የመስመር ቁጥር ነው።»

«ወደ አርባ ሂድ ተብሎ የታዘዘውስ?»

«ማሽኑ ነው።»

«የትኛው ማሽን?»

ለሶማሊያ ድንበር በቀረበ ከተማ የምስጢር ጽሑፍ የሚመስል ደብተር ይዞ መገኘት በስለላ እንደሚያስጠረጥር ታውቃለች።

በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ አቀረበላት። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስረጂኝ። አንድም ነገር እንዳታስቀሪ።»

ከገባው ይለቀኛል ብላ አሰበች። ስለዚህ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ፣ በምሳሌ እያስደገፈች ነገረችው። እሱ ይጽፋል፤ ያልገባውን መልሶ ያነሳል፤ እንደገና ይጠይቃል። እንዲህ ሆኖ ቀኑ ይመሻል።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ወረቀት ፊቷ ጣለ።

«ትናንት የሰጠሽኝ ፕሮግራም አይቆምም። ሲዞር ይኖራል። ዋሽተሽኛል?»

ወረቀቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አየችው። በየዙሩ ቆጣሪው ላይ አንድ መደመር ዘንግታለች። አረመችለት። ብዙ ጊዜ አፍጥጦ ካየው በኋላ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በየቀኑ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማን ጋ ይገኛል?»

በየቀኑ ስሙን ሸሸገች። አብሺር ከፋርሒያ ሌላ ማንም የለውም፤ ፋርሒያም ከሱ ሌላ።

ማክሰኞ ዕለት፣ «ጓድ፣ ፈተናው እኮ ከነገ ወዲያ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት። «ስሙን ንገሪኝ።»

ደክሟት ነበር። ብትናገር ሐሙስን ትደርስበት ይሆናል። ስሙ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ተሰማት። ወልደ ማርያም ጽፎ ወጣ።

ረቡዕ የጠራት የለም። ሐሙስም ማንም አልጠራትም። ዘበኛውን ብትጠይቀው ጓድ ወልደ ማርያም ዛሬ አልገባም አላት። ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች፤ የፈተናው ሰዓት ሲደርስም ሲያልፍም ታወቃት። ከዚያ በኋላ ያስጨነቃት ፈተናው አልነበረም። አብሺርን የት ወስደውት ይሆን? እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

በሃያኛው ቀን ዘበኛው በሩን ከፍቶ «ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ» አላት። ክስም ፊርማም የለም። ጫማዋንና ሰዓቷን መለሱላት፤ መጽሐፉንና ደብተሩን ግን አላየናቸውም አሏት።

ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ፋርሒያ ደጃፍ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች።

«አብሺርን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ፋርሒያ ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

«ማን አሰረው አቦ? ቤታችን የመጣው ያ ባለመነጽር መርማሪ ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ ጀርመን ሊሄድ ነው፤ አብሺርን ሌላም እንዲህ ያለ መጽሐፍ አምጣልኝ ብሎ ጅቡቲ ልኮታል።»