ፋንዲሻው ሳያልቅ

የላይል ደንፊ እንጀራ መሞት ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአደጋ ፊልም በተሠራ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚሞት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ላይል ነው። በአንዱ ፊልም የመሬት መንቀጥቀጥ ዋጠው። በሌላው ከሚቃጠል ሆቴል ወደቀ። በመጨረሻው ደግሞ የንብ መንጋ ጨረሰው። ፊቱ የደግ ሰው ፊት ስለሆነ ሲሞት ተመልካቹ ቶሎ ይደነግጣል።

ይህ ሙያው ያስመረራት አንዲት ተመልካች ነበረችው፤ ልጁ ትሩዲ።

«አባዬ፣ ሁልጊዜ እኮ ፋንዲሻዬ ሳያልቅ ነው የምትሞተው!» አለችው ከንቦቹ ፊልም ሲወጡ። «ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ‘የሟቹ ልጅ’!»

«በሚቀጥለው አልሞትም።»

«ማልልኝ።»

«አባትሽ ይሙት!»

«እሱንማ ለመድኩት» አለች ትሩዲ።

የሚቀጥለው የጠፈር ፊልም ሆነ። ወደ ሳተርን የምትጓዝ መርከብ በድንጋይ ትመታለች፤ አየሩ ያልቃል፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ላይል መሐንዲስ ሆልትን እንዲጫወት ተመረጠ። አዘጋጁ ክራንትዝ ወሬ እንዳይወጣበት የሚፈራ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የዕለቱን ገጽ ጠዋት በእጁ ሰጥቶ ማታ ይቀበለዋል። ማን እንደሚተርፍ የሚያውቅ የለም። ላይል ገጹን ሲቀበል ዓይኑ በፍርሃት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞቱን።

መርከቧ የብር ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ናት፤ ንቅንቅ አትልም። ካሜራው ሲያዘነብል ተዋንያኑ ራሳቸውን ወዲያ ወዲህ ይወረውራሉ።

«ድንጋዩ መታን! ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ ክራንትዝ።

ሁሉም ወደ ግራ ተንከባለሉ። ላይልም ተንከባለለ።

«አቁሙ! ላይል፣ አንተ ዝም ብለህ ቁም።»

«ሰው ሁሉ ሲወድቅ እኔ ብቻ?»

«መሐንዲስ አይደለህ እንዴ? የሠራኸው ነገር ይጥልሃል?»

ሰዎቹ ሳቁ። ላይል ግን ደስ አላለውም። ተገትሮ የቀረ ሰው ቀድሞ እንደሚመታ ከልምዱ ያውቃል።

የእራት ትዕይንት በተቀረጸ ቀን ለሁሉም ሳህን ቀረበ፤ ለእሱ አልቀረበም። አየሩ ማለቅ ሲጀምር ለሁሉም ሄልሜት ታደለ፤ እሱ ባዶ እጁን ቀረ። አልባሳትና ቀለም የምትሠራው ማቤል የሁሉንም ፊት ጥቀርሻ ቀብታ ላብ ረጭታ፣ እሱ ጋ ስትደርስ ፀጉሩን ብቻ አበጠረችው።

«ለእኔስ ጥቀርሻ የለም?»

«አንተ ንጹሕ እንድትሆን ታዝዣለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ታጥቦ የሚገነዝ ሬሳ ነው» አለ ላይል።

«አይ ሰውዬ! ደግሞ ዛሬ ምን በልተህ ነው?»

«አልበላሁም። ሳህን የለኝም እኮ።»

የባሰው ነገር የሌሎቹ ተዋንያን ሁኔታ ነበር። ካሜራው ሲቀርጽ አንዳቸውም አያዩትም፤ ክራንትዝ ነው የከለከላቸው። ከእሱ ጋር የሚያወራው ካፒቴኑን የሚጫወተው ስተርሊንግ ብቻ ነው። ስተርሊንግ ሲያወራው ደግሞ ሌሎቹ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። ‘ተማክረው ሊገድሉኝ ነው’ አለ ላይል በልቡ። አንዴ ስተርሊንግ ትከሻውን ቸብ ሊያደርገው ሲል ክራንትዝ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«እጅህን ሰብስብ! እንዳትነካው!»

ማታ ማታ ትሩዲ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ሞትክ?»

«አልሞትኩም።»

«ዛሬስ ማን ሞተ?»

«ሐኪሟ። ትናንት ደግሞ ምግብ አብሳዩ።»

«ተረኛው አንተ ነህ በለኛ!»

በመጨረሻ አላስችል አለውና ክራንትዝን ምሳ ላይ ያዘው። «ስማኝ፣ ልጄ ክፍሏ ውስጥ መሳቂያ ሆናለች። የምትገድለኝ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝና ለእሷም ልንገራት።»

ክራንትዝ ማኘኩን አቆመ። ፊቱ ላይ ሐዘን ይሁን ሳቅ የማይለይ ነገር መጣ።

«ላይል፣ እስከ መጨረሻው ምስል ድረስ አለህ። በዚህ ፊልም አንተን የሚገድልህ ማንም የለም። ቃሌ ነው።»

ላይል አላመነም፤ በንቦቹም ጊዜ እንዲህ ብለውት ነበር። ነገር ግን ሐኪሟ ሄደች፣ አብሳዩ ሄደ፣ አብራሪዎቹ ሄዱ፤ የመጨረሻው ቀን ሲመጣ መስኮቱ አጠገብ የቀሩት ካፒቴኑና ሆልት ብቻ ነበሩ።

«አንተ ባትኖር ኖሮ ሆልት፣ አብጄ ነበር» አለ ስተርሊንግ ወደ ከዋክብቱ እያየ።

«አቁሙ! አለቀ!» አለ ክራንትዝ።

ላይል ቤቱ የደረሰው እየሮጠ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ ትሩዲ የክፍሏን ልጆች ሲኒማ ቤት ጠርታ ከፊቷ ባለው ረድፍ ደረደረቻቸው። እሷ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ፋንዲሻዋን አንድ በአንድ እየቆጠበች በላች። ድንጋዩ መታ፤ አየሩ አለቀ፤ ሰዎቹ ረገፉ። ሆልት ንጹሕ እንደሆነ፣ ፀጉሩ እንደተበጠረ ቆሟል። ትሩዲ የካርቶኑን ታች ዳበሰች። ምንም የለም።

«አልቋል!» ብላ ብድግ አለች፤ ባዶውን ካርቶን ለልጆቹ እያወዛወዘች። «አያችሁ? ፋንዲሻዬ አልቋል፣ አባቴ ግን አልሞተም!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ላይል ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

መጋረጃው ላይ የመርከቧ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ላይል ሲቀረጽ ያልሰማው የሴት ድምፅ ከምድር ጣቢያ መጣ።

«ካፒቴን፣ ከእርስዎ ሌላ የተረፈ ሰው አለ?»

«ሆልት አለ» አለ ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ። «ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»

ሬዲዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ።

«ካፒቴን... ሆልትን እኮ ከመነሣታችሁ በፊት አብረን ቀብረነዋል።»