ከጭረቱ በላይ

የብርጓል ዞር ብላ ድንኳኑን ቃኘችና የብረቱን በርሜል ቁልፍ ትንሽ ከፈተችው። አየሩ በጎማው ቱቦ አልፎ ባሏ አፍንጫ ላይ ወደታሰረው ጭምብል እያፏጨ ገባ።

«እስከዚች ጭረት ብቻ» ብሏት ነበር አስታማሚው ምንይችል፣ ቁልፉ ላይ ያለችውን ምልክት አሳይቷት ሲወጣ። «አደራ እቴ የብርጓል፣ እንዳትነኪው። ሐኪሙ ሲበዛ ይጎዳዋል ብሏል።»

ጣሊያን የእግዜርን አየርም ይሰስታል እንዴ? አለች በሆዷ።

ባሏ እንዳላማው ብረት ቀጥቃጭ ነው። ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራቸው ዶማ እያስቀጠቀጡት ከርመው፣ የከሰል ጢስ የበላው ደረቱ ሲዘጋ ወደ ሐኪማቸው ድንኳን አስገቡት። ሃያ ዓመት ወናፉን ያናፋችለት እሷ ናት። ፍም ሲደክም ንፋስ ይጨመርለታል እንጂ አይቆጠብበትም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በደብረ ማርቆስ የለም።

ደግሞም ሠራላት። የጠቆረው ከንፈሩ ቀላ፤ ፊቱ እሳት እንደገባ ብረት ጋለ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት የደረቱ ሲርሲርታ ጋብ አለ።

«ተመስገን። ተኙልኝ» አለችና ጋቢውን አለበሰችው።

ቆይታ ውሃ ልታጠጣው ነካችው። እጁ ይሞቃል።

«ጌታዬ፣ ጉሮሮዎን ያርጥቡ።»

ዓይኑ አልተገለጠም። ደረቱ አንዴ ከፍ ብሎ ወረደ። ቀጣዩን ጠበቀች። ዘገየባት። ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ ከፊተኛው ያነሰ ነበር። እጇ እንደልማዱ ወደ ቁልፉ ሮጠ፤ ጨመረችበት።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» ምንይችል ዘሎ ገብቶ ቁልፉን ወደ ጭረቱ መለሰ። የእንዳላማውን ደረት በሁለት እጁ ይጫነው ጀመር። «እንዲህ ያለ በሽተኛ አየር ሲጠግብ መተንፈሱን ይተዋል! ቀስቅሽው! እንዳይተኛ!»

«ጌታዬ! ጌታዬ!»

«በስሙ ጥሪው እንጂ! ምችው!»

ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ወናፍ ያሻከረውን መዳፏን አንስታ ጉንጩን አጮለችው።

«እንዳላማው! አንተ እንዳላማው!»

የቀላው ከንፈሩ ተመልሶ እየጠቆረ ነው። ጆሮዋን አፉ ላይ ደፍታ፣ ያን የጠላችውን ሲርሲርታ ትጠብቃለች።