አያድርም

በዚያ ዘመን አዲስ ዘር ለገበሬ የሚታደለው፣ ዘሩን ያወጣው ተመራማሪ ቤተሰብ አንድ ዓመት ሙሉ ከበላው በኋላ ነበር። ቆቦ ላይ ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ ያወጣችው ውድነሽ ዓመቱን ጨረሰች። የገበሬዎች ሸንጎ የላካቸው ወይዘሮ ዙሪያሽም ሊጠይቁ ቤቷ መጡ። በሕጉ የሚጠየቀው ተመራማሪዋ ሳትሆን በቤቱ የሚጋግረው ሰው ነው። እዚህ ቤት የሚጋግረው ደግሞ ባሏ አራጋው ነበር።

«ጣዕሙ አይከፋም እማማ» አለ አራጋው። «ግን አያድርም። ጠዋት የጋገርኩት እንጀራ ማታ ይፈረፈራል። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ጋግሬያለሁ። እኔ የማስተምረው ግማሽ ቀን ነው፤ የእናንተ ሴቶች ግን እርሻም አለባቸው።»

«እንግዲያው አይታደልም» አሉ ወይዘሮ ዙሪያሽ።

የስድስት ዓመት ልፋት ነበር። ውድነሽ ተናዳ ወደ ባሏ ዞረች፤ ወዲያው ግን በእጆቹ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አየች። ስለ ጠባሳው አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም። ንዴቷ በረደ።

«የእርስዎ ማሽላ ስንት ቀን ያድራል?» አለች ወደ ሴትዮዋ ተመልሳ።

«ሦስት ቀን። ዝናብ ሲያጥር ግን አያፈራም።»

«የእኔ ያፈራል። ዘርዎን ይዘው ወደ ምርምር ጣቢያው ይምጡና አብረን እናዳቅላቸው። ከሚወጣው ዘር መራጯ እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ዙሪያሽ ጥቂት አሰቡና «ሰኞ እመጣለሁ» አሉ።

«የሚወጣውንስ ማን ሊበላው ነው?» አለ አራጋው።

«እኛው ነን» አለች ውድነሽ። «ያን ጊዜ የምጋግረው ግን እኔ ነኝ።»