የዘገየው ትከሻ

የቤት መስታወት ሁሉ የሰውን እንቅስቃሴ ማረም ከጀመረ ወዲህ፣ ትርሲት እስክስታ የምትለማመደው ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ነው።

«ግራ ትከሻሽ ዘገየ» ይላታል መስታወቱ በየዕለቱ። መዘግየቱን የወረሰችው ከሟች አባቷ ነበር።

ዛሬ ግን መስታወቱ አንዴም አላረማት። ዝምታው አላማራትም። ጋቢ አለበሰችውና እናቷን ጠራች።

«እማዬ፣ እስኪ እዪኝ። ግራዬ እንደ አባዬ ይዘገያል?»

እናቷ የሚልጡትን ሽንኩርት እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ። ትርሲት ጨፈረች። የእናቷ ቢላዋ ቆመ።

«ሁለቱም እኩል ናቸው» አሉ። «በእሱ ግራ ትከሻ ስንቴ ስቄያለሁ መሰለሽ።»

ትርሲት ሆን ብላ ግራዋን ልታዘገይ ሞከረች፤ ትከሻዋ እንቢ አላት። ደግማ ሞከረች።

ከጋቢው ሥር ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«አታበላሺው። ገና አሁን ተስተካከለ።»