ፍሪሲዮኑ ምንም አልሆነም

አዛውንቱ መካኒክ ከኮፈኑ ሥር ቀና ብለው ጣታቸውን በጨርቅ ጠራረጉ። የፍሪሲዮኑ ዘይት ልክ ነው። ካርቶን አንጥፈው መኪናው ሥር ተኝተውም አይተዋል፤ ቱቦው ደረቅ ነው፣ የሚንጠባጠብ ነገር የለም።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» አለች ምራታቸው፣ የጋራዡ በር ላይ ቆማ። «ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ያጓራል።»

«ቆይ እስኪ፣ እኔም ላይ ይጮህ እንደሆነ።»

ገብተው ተቀመጡ። እግራቸው ከመሪው ሥር እንደ ልብ ተዘረጋ። ሞተሩን አስነሱ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጠው የኋላ ማርሽ አስገቡ። ድምፅ የለም። አንደኛ። ሁለተኛ። እንደገና ኋላ። ማርሹ እንደ ታዛዥ ልጅ ዝም ብሎ ይገባል።

«ምንም የለውም።»

«እርስዎን ሲያይ ነዋ! ሐኪም ቤት በር ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚጠፋ ሕፃን።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። ነርስ ናት። ነገ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ክሊኒኩ ደግሞ ታክሲ የማይደርስበት ነው። ከባሏ ቀብር ወዲህ መኪናው ግቢ ውስጥ እንደቆመ ነበር፤ እጇን ለማፍታታት ሰፈር ውስጥ መንዳት የጀመረችው ገና በዚህ ሳምንት ነው። መኪናው የእሱ፣ የአዛውንቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ነበር።

«ነይ ግቢ። አንቺ ስትነጂው ልየው።»

እሷ መሪው ላይ፣ እሳቸው ጎኗ ተቀመጡ። ረግጣ ማርሹን ስትገፋው ግርርር አለ። አዛውንቱ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ድገሚው። እስከ መጨረሻው ርገጪ።»

«ረግጫለሁ እኮ፣ አባባ።»

ጎንበስ ብለው እግሯን አዩ። ፔዳሉን የነካው የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው፤ ከፔዳሉ ሥር ቡጢ የሚያህል ክፍተት ቀርቷል። ጀርባዋ መደገፊያውን አልነካም፤ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላ መሪውን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛለች። በግማሽ የተረገጠ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ እንዴት አድርጎ ይለያል?

ልጃቸው ቁመቱን የወሰደው ከእሳቸው ነበር። ጠዋት እሷ መቀመጫውን ወደ ፊት ትስብ፣ ማታ እሱ እያጉረመረመ ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር። «ድንክዬ፣ ጉልበቴን ልታሳጪኝ ነው!» ሲላት እሳቸውም ስንቴ ሰምተዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኋላ የመለሰው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መቀመጫውን ማንም አልነካውም።

እጃቸውን ወደ መቀመጫው ማንሻ ሰደድ ሲያደርጉ ክንዳቸውን ያዘችው።

«አባባ፣ ይተዉት።»

«ልጄ፣ እንዲህ ተቀምጠሽ ሰው ትገጪያለሽ።»

«ከጀርባዬ ትራስ አደርጋለሁ።»

«ትራስ ይንሸራተታል።»

«ይንሸራተት!» ክንዳቸውን አልለቀቀችም። «ልብሱን ስጪ አላችሁኝ፣ ሰጠሁ። ጫማውን ስጪ አላችሁኝ፣ ሰጠሁ። ይሄን ግን እሱ ራሱ ነው ያደረገው። አንዴ ከሳብኩት፣ የት ጋ እንደነበረ ማን ያውቃል?»

እግዜር ያጥናሽ ሊሏት ፈለጉ። እሳቸውንስ ማን ያጥናቸው?

ወርደው ከመሣሪያ ሳጥናቸው ካቻቢቴ ይዘው መጡ። በእሷ በኩል ያለውን በር ከፍተው ተንበረከኩ። መቀመጫው የሚንሸራተትበት ብረት ላይ፣ ልክ የመቀመጫው ጠርዝ ከቆመበት ቦታ አጠገብ፣ በካቻቢቴው ጫፍ ደጋግመው ፋቁ። ቀለሙ ተላጠና ነጩ ብረት ታየ። ቀጭን መስመር ናት። በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፤ ከዚያ የእሷን እጅ ስበው አስዳሰሷት።

«እዚህ ጋ ነበር» አሉ።

ጣቷ መስመሯ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ማንሻውን ራሷ ሳበችው። መቀመጫው ሲጢጥ እያለ ወደ ፊት ሄደ፤ ጀርባዋም ደገፍ አለ። ፔዳሉን ስትረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ።

አዛውንቱ ጆሯቸውን ቀስረው ጠበቁ። ምናልባት ይጮህ ይሆናል።

ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ከጋራዡ ወጣ።

ካቻቢቴውን፣ ጫፉ ላይ ከቀረችው የብረት ብናኝ ጋር፣ ሳይጠርጉት ሳጥኑ ውስጥ አኖሩትና ክዳኑን ዘጉ።