የየትነበርሽ ሸክላ

ክብረት ጎንደር አጠገብ ፀዳ ውስጥ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎንደር ደባርቅ አውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። አሁን የሚያመላልሰው ጣቱን ነው፤ ስልኩ ላይ አንዲት ሸክላ ይፈልጋል።

ሸክላዋ ላይ የዘፈነችው ሚስቱ የትነበርሽ ናት። በልጅነቷ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ዘፈን አስቀርጻ ተመለሰች፤ ከዚያ ክብረትን አገባች እንጂ መድረክ አልወጣችም። እቤት የነበረችው ሸክላ የትነበርሽ ልትለየው አንድ ሳምንት ሲቀራት ተሰበረች። በዚያው ሳምንት ፀጉሯን ተላጨች፤ ቀሚሶቿን ለጎረቤት አከፋፈለች፤ ባሏን ይቅርታ ጠየቀች። ካህናቱ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ፍትሐት ሲፈቱላት ክብረት ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ልጅ የላቸውም።

ከሁሉም የሚያንገበግበው ድምፅዋ እየጠፋበት መሄዱ ነው። ፊቷን ፎቶ ላይ ያየዋል። ድምፅዋን ላስታውስ ሲል ግን የገዛ ራሱ ድምፅ ይመጣበታል።

ስለዚህ ቴሌግራም ገባ። የመጀመሪያው ሻጭ ብሩን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋበት። ሁለተኛው በእሷ ሽፋን ውስጥ የጣልያን ማርሽ ሙዚቃ ከትቶ ላከለት። ሦስተኛው እውነተኛዋን ላከ፤ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ተጭና ስለመጣች ግን አራት ቦታ ሆናለች። ክብረት ስባሪውን በሙጫ አያይዞ ማጫወቻው ላይ ቢጭናት የማጫወቻው መርፌ ተሰበረ። መርፌ ለማግኘት ሌላ ሁለት ወር ፈጀ። እንደዚህ እንደዚህ እያለ ከሻጭ በቀር የሚያወራው ሰው አጣ።

አራተኛው ጌቾ የሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ጌቾ ሸክላዋን ሁለት ጊዜ «አገኘሁ» አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ክብረት ብሩን ሳይልክ «ተሽጧል» አለ።

«ለማን?» ሲል ክብረት ደወለለት።

«ለአንድ የጎንደር ደንበኛ ነው፣ ጋሼ። ያችን ሸክላ ባገኘህ ቁጥር ለኔ ብሎኛል። በጽሑፍ ብቻ ነው የምንገናኘው፤ ዋጋ እንኳ አይከራከርም።»

ጎረቤቱ ሰውአገኝ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

«ምነው አያ ክብረት! እንዲህ ያለ ደንበኛ የት አለ? ዋጋ ሊሰቅልብህ ፈልጎ ነው እንጂ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ክብረትም ነገሩን አመነ። የጎንደሩ ደንበኛ ራሱ ጌቾ መሆን አለበት።

በጥር ወር ጌቾ እንደገና ጻፈለት። ሌላ አንዲት ተገኝታ ነበር፤ ከእንግዲህም የምትገኝ አይመስለውም፤ እሷም ለዚያው ደንበኛ በአውቶቡስ ተልካለች። ክብረት ደሙ ፈላ፤ ደወለ።

«ውሸትህን ነው!»

«ካላመኑኝ ነገ መናኸሪያ ሄደው ደንበኛውን በዓይንዎ ይዩታ!»

በማግስቱ ክብረት በጠዋት ጎንደር መናኸሪያ ተገኘ። ማንም እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበር። ምናልባት ከመጣ ግን የሚለውን አዘጋጅቷል፦ ሸክላህን አልወስድብህም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ። ይህን በልቡ ሲለማመድ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ዕቃ አስረካቢዋ ዓይናዲስ ጠፍጣፋውን ጥቅል ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከላዩ የስልክ ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል።

«ባለቤቱ ማነው?» አላት።

«እኔ ዛሬ ነው ሥራ የጀመርሁ። ቁጥር አይቼ ነው የማስረክብ።»

ረፋዱ ላይ ቢጫ ቆብ ያደረገች መነኩሲት መጣች። ክብረት ከኋላ ነበር፤ ፊቷን አላየውም። ስልኳን ለዓይናዲስ አሳይታ ጥቅሉን ተቀበለች። ክብረት ግራ ገባው፤ መነኩሲት ከዘፈን ጋር ምን አገናኛት? ጉድ ነው ብሎ ተከተላት።

መነኩሲቷ አጥሩ ጥግ ስትደርስ ጥቅሉን ፈታች። ሸክላዋን በጉልበቷ ላይ ለሁለት ሰበረቻት፤ ቁርጥራጩን መሬት ላይ አድርጋ በድንጋይ ቀጠቀጠችው።

«እማሆይ! ምነው? ምነው በፈጠረዎት!» ክብረት እየሮጠ ጮኸ። «የሚስቴ ድምፅ ነው!»

መነኩሲቷ ዞረች።

«ኃጢአቴ ነው፣ ክብረት» አለችው በቁሟ ፍትሐት የተፈታላት የትነበርሽ።