ከፊት የምትሄደው

«ኧረ ፍጠኑ! እናንተ ሰዎች፣ ከመሬት ጋር ተጣበቃችሁ እንዴ?» እላለሁ ዞር ሳልል። ዞር ካልኩ እወድቃለሁ። ዳገቱ ጠጠር በጠጠር ነው። የግራ ተረከዜ ከጫማዬ ጋር ተጣብቆ፣ በረገጥኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይላጣል።

«መጣን፣ አለቃ!» ይላል ሾፌሩ ከኋላዬ።

አለቃ የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ለስለት በእግር የምንሄደው አራት ነን፦ እሱ፣ አንዲት ባለሱቅ፣ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛና እኔ። ጉዞ የጀመርን ዕለት፣ ይህን መንገድ ደጋግመው የሄዱት ጡረተኛው ፖስተኛ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «አንቺ ከፊት ሁኚ፣ ልጄ» አሉኝ። ኮራሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ፤ ሰው ማጣደፍ ሥራዬ ነው። ሰው የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው አልኩ በልቤ።

ስልኬ ይጠራል። ልጄ ናት፣ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ። ነገ ጠዋት ልቧን ቀዶ ጥገና ያደርጉላታል። እኔ ስነሳ ቀኑ ገና ሩቅ ነበር፤ ትናንት እህቴ ደውላ «ቀኑን አቀረቡት» አለችኝ። ስለቴን ልጄም ታውቀዋለች፦ እሷ ቢላ ስር ከመግባቷ በፊት፣ በእግሬ ሄጄ በእጄ ሻማ ላበራላት።

«እማዬ፣ ደረስሽ?»

«ደረስኩ እኮ፣ የኔ ቆንጆ። በሩ ይታየኛል።»

«ስታበሪው ትደውይልኛለሽ አይደል? አልተኛም እኮ።»

«እደውላለሁ።»

ውሸቴን ነው። የሚታየኝ ጠጠር ብቻ ነው። የቅዱሱ ስፍራ በር ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል፤ ነገ ረፋድ ላይ ሲከፈት እሷን አስገብተዋታል። ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ከሸለቆው ማዶ፣ ከታች፣ የቅዱሱ ስፍራ ነጭ ግንብ ይታየኛል። ትንሽ ነው፣ የጥፍር ያህል። ፀሐይዋ ደግሞ ከተራራው ጫፍ አንድ ጋት ብትርቅ ነው። አልደርስም። እንዴት ብዬ ባሰላው አልደርስም።

ያኔ እዞራለሁ፣ የያዝኩት ንዴት ሁሉ ገንፍሎ።

«በእናንተ ነው! በየጥላው ስትቀመጡ፣ ‹ውኃ እንጠጣ› ስትሉ፣ ‹ቀስ በይ› ስትሉ! ብቻዬን ብመጣ ኖሮ ይኼኔ አብርቼ ተመልሻለሁ! ልጄ ብትሞት…»

ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። ሦስቱም ቆመው ያዩኛል፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውዬ አያቸዋለሁ። ሾፌሩ ትንፋሹ እንኳ አልፈጠነም። ባለሱቋ፣ ያቺ ወፍራም ሴትዮ፣ ግንባሯ ላይ ጠብታ ላብ የለም። ፖስተኛው ዱላቸውን አልተደገፉትም፤ ብብታቸው ውስጥ ወትፈውታል።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

ባለሱቋ ፖስተኛውን ታያለች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ልጄ፣ በዚህ መንገድ ከፊት የምናደርገው የሚዘገየውን ሰው ነው። ከኋላ ከሆነ ሳናውቀው ጥለነው እንሄዳለን። ከፊት ከሆነ ግን ማንም አይቀድመውም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይገባኛል፤ በየጥላው ሥር ሲቀመጡ ማን እንዲያርፍ እንደነበር፣ ውኃውን መጀመሪያ ለማን ያቀብሉ እንደነበር። ጠጠሩ ላይ ዘፍ እላለሁ።

«ታዲያ ለምን ትታችሁኝ አልሄዳችሁም?»

«ወዴት ነው የምንሄደው፣ እህቴ?» ትላለች ባለሱቋ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ። «የኛ ስለት ቀን የለውም። ቀን ያለው ያንቺ ነው።»

አለቅሳለሁ። ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን፣ ድምፄን አውጥቼ። ፀሐይዋ አትጠብቅም። ከጉያዬ ሻማውን አወጣለሁ፤ በልጄ ሻሽ ጠቅልዬው ነው የመጣሁት። በእግሬ፣ በእጄ ነበር ያልኩት። ቃሌን ካጠፍኩ ምን እንደሚመጣባት አላውቅም። ሻማውን ለሚሮጥ ሰው ካልሰጠሁም አላውቅም።

«አንተ… መሮጥ ትችላለህ?»

«ከተነሳን ጀምሮ እግሬ ፍሬን ላይ ነው፣ እትዬ» ይላል ሾፌሩ፣ ሊያስቀኝ። አልስቅም። እሱም ፈገግታውን ይውጠዋል። «ስጪኝ።»

ልሰጠው እጄን እዘረጋለሁ፣ ጣቶቼ ግን እምቢ ይላሉ። ባለሱቋ አንድ በአንድ ታላቅቃቸዋለች፣ ቀስ ብላ።

«ስሟን ንገሪኝ፣ እሷን ብዬ ነው የማበራው።»

ጆሮው ላይ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ ለራሱ ይደግመዋል፣ ሻማውን ሸሚዙ ውስጥ ይወትፋል፣ ይሮጣል።

ቁልቁለቱን እንዲህ የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ አቧራውን ከኋላው እያስነሳ፣ እኔ እንባዬን እስክጠርግ ከመታጠፊያው ደርሷል። ይህ ሰው ነው ይኼን ሁሉ መንገድ በእኔ እርምጃ የመጣው። ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነክታለች፤ የሸለቆው ግማሽ ጠቁሯል፣ እሱም እዚያ ጥቁር ውስጥ ገብቶ ይጠፋብኛል።

ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይጠራል። አላነሳውም።

ባለሱቋ ብብቴን ይዛ ታቆመኛለች። ከዚያ እሷም ፖስተኛውም ከመንገዱ ገለል ይላሉ፣ ከኋላዬ ይቆማሉ፣ እስክራመድም ይጠብቃሉ።